ዋትስአፕና ፌስቡክ ለጀማሪ ወላጆች

ዛሬ የምንነጋገረው በሐዴራ ያሉ አዲስ ገቢ ቤተሰቦች ደጋግመው ስለሚጠይቁን የዋትስአፕና የፌስቡክ አጠቃቀም ነው።

በማኅበራዊ ሠራተኝነቴ ወደ ብዙ ቤት እገባለሁ። ስልኩ የአባት ወይም የእናት ነው፤ ዋትስአፑን የሚከፍተው፣ መልእክቱን የሚያነበውና መልሱን የሚጽፈው ግን የአሥር ዓመት ልጅ ነው። ልጅ ዕብራይስጡን ቶሎ ስለሚለምድ ነገሩ የተቃለለ ይመስላል። ይሁንና መምህርቷ ስለዚያው ልጅ ጠባይ የላከችውን መልእክት ለወላጁ የሚያነበው ልጁ ራሱ ሲሆን፣ የትኛውን ቃል እንደሚዘል አስቡት! ስለዚህ ወላጆች ራሳችሁ እንድትይዙት እመክራለሁ። ፊደል ባትቆጥሩም እንኳ ይቻላል።

ዋትስአፕ እ.ኤ.አ. በ2009 የተጀመረ ሲሆን በ2014 ፌስቡክ ገዝቶታል። እዚህ እስራኤል ውስጥ ጋኑም፣ ትምህርት ቤቱም፣ የሕንፃው ቫአድ ባይትም ወሬያቸውን የሚያስተላልፉት በአብዛኛው በዋትስአፕ ቡድን ነው። ቡድን ማለት እንደ ማኅበር ነው፤ አባላት አሉት፣ የሚያስገባና የሚያስወጣ ኃላፊም አለው። «ነገ ልጆች ነጭ ሸሚዝ ለብሰው ይምጡ» የሚለው መልእክት ማታ ይላካል። ወላጁ ቡድኑ ውስጥ ከሌለ ልጁ በማግስቱ በክብረ በዓሉ ላይ ብቻውን ባለ ቀለም ሸሚዝ ለብሶ ይቆማል። እንግዲህ የመጀመሪያው ሥራ ወደ ጋኔኔቷ ወይም ወደ መምህርቷ ሄዶ «የእኔን ቁጥር አስገቢልኝ» ማለት ነው። የተመዘገበው የልጃችሁ ቁጥር አለመሆኑንም አረጋግጡ።

መጻፍ ለሚያስቸግረው ሰው ድምፅ አለለት። መልእክት ከሚጻፍበት ቦታ አጠገብ የማይክሮፎን ሥዕል ታያላችሁ። እሱን ተጭናችሁ፣ ጣታችሁን ሳታነሱ ተናገሩ፤ ስትለቁት ይሄዳል። ከተሳሳታችሁ ሳትለቁ ጣታችሁን ወደ ጎን ብትጎትቱት ይሰረዛል። በአማርኛ መጻፍ ለምትፈልጉ ደግሞ ጂቦርድ የሚባለው የመጻፊያ ሰሌዳ የእኛን ፊደል ይዟል። በዕብራይስጥ የተጻፈ መልእክት ሲመጣ በጣታችሁ ለጥቂት ጊዜ ይዛችሁት ኮፒ አድርጉና ወደ ጉግል ትርጉም አስገቡት። አማርኛው ሸካራ ነው፤ ስለ ነጭ ሸሚዝ ለማወቅ ይበቃል፣ ለሐኪም ወረቀትና ለውል ግን አትመኩበት።

ጎንደር ላሉ ዘመዶች መልእክት ስትልኩ ደግሞ ከሥሩ ያለችውን ምልክት ተመልከቱ። አንድ ራይት ከሆነ ከእናንተ ዘንድ ወጥቷል፣ ገና አልደረሰም። ሁለት ራይት ከሆነ እዚያ ስልክ ላይ ደርሷል። በአማራ ክልል እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 2023 ጀምሮ ጦርነቱን ተከትሎ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። ከዚያም በፊት በዚያው ዓመት ከየካቲት እስከ ሐምሌ ፌስቡክ፣ ቴሌግራምና ቲክቶክ በመላ ኢትዮጵያ ተዘግተው ነበር። ስለዚህ አንድ ራይት ብቻ ባያችሁ ጊዜ ዘመዴ አንድ ነገር ሆነ ብላችሁ ሌሊቱን አትደሩ። በተራው የስልክ መስመር ደውሉ፣ ካልሆነም ጎረቤት ጠይቁ።

አሁን ልቤ ወደሚከብድበት ነገር ልግባ። በባህላችን መርዶ እንደ ተራ ወሬ በስልክ አይነገርም። ሽማግሌዎችና የቅርብ ዘመዶች ተሰብስበው፣ ማልደው ቤት ድረስ ሄደው፣ ሰውየው ብቻውን አለመሆኑን አይተው ያረዱታል። ፌስቡክ ይህን ሥርዓት አያውቅም። ከአዲስ አበባ ወይም ከናታንያ አንድ ወዳጅ የሟችን ፎቶግራፍ ከሻማ ጋር ይለጥፋል፤ ወንድሙ ፋብሪካ ውስጥ በዕረፍት ሰዓት ስልኩን ሲከፍት የእናቱን ልጅ ሞት ያነባል። የሚደግፈው የለም፣ አብሮት የሚያለቅስ የለም። ስለሆነም የቅርብ ቤተሰብ መረዳቱን ሳታረጋግጡ ፎቶግራፍ አትለጥፉ። ሌላ ሰው ቸኩሎ ከለጠፈም ከሥሩ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ብላችሁ አትጻፉ፤ እያንዳንዱ አስተያየት ወሬውን ለሌሎች ወዳጆች ገጽ ይገፋዋል። ይልቅ ለለጠፈው ሰው ለብቻው ደውላችሁ እንዲያነሣው ንገሩት። ቤተሰቡ ከተረዳ በኋላ ግን ዋትስአፕ ትልቅ ረዳት ነው። እዚህ አገር ቀብር ብዙ ጊዜ በዕለቱ ወይም በማግስቱ ስለሚፈጸም፣ ሰዓቱንና የመቃብሩን ቦታ ለሁሉም በአንዴ ማድረስ የሚቻለው በእሱ ነው።

ከየቦታው የሚተላለፈውን ወሬም በጥንቃቄ ያዙት። እርግጥ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2015 በሆሎን አንድ ትውልደ ኢትዮጵያዊ ወታደር በፖሊስ ሲደበደብ የሚያሳየው ቪዲዮ ተሰራጭቶ በኢየሩሳሌምና በቴል አቪቭ ብዙ ሕዝብ ሰልፍ ወጥቷል። ያ እውነት ነበር። ድርብ ቀስት ያለበት የዋትስአፕ መልእክት ግን ከእጅ ወደ እጅ ብዙ ጊዜ የዞረ ማለት ነው፤ መነሻውን ካላወቃችሁ አታሳልፉት።

ሌባው ደግሞ የሚፈልገው ስድስት አኀዝ ነው። ዋትስአፕን በሌላ ስልክ ላይ ለመክፈት የሚያገለግል ባለ ስድስት አኀዝ ቁጥር በመልእክት ይደርሳችኋል፤ ከዚያ በምታውቁት ሰው ስም «በስሕተት ወደ አንተ ተልኳል፣ ላክልኝ» የሚል ጽሑፍ ይመጣል። የሰጠ ሰው የቤቱን ቁልፍ እንዳስረከበ ነው። ሌባው በእሱ ስም ከዘመዶቹ ገንዘብ ይለምናል። «ታስሬአለሁ፣ ቶሎ ገንዘብ ላኩ» የሚል ጽሑፍ ከዘመድ ቢመጣ ደውላችሁ ድምፁን ስሙ፣ በቤት ውስጥ ብቻ የሚታወቅ ነገርም ጠይቁት። ባንክ ነኝ ወይም ፖስታ ቤት ነኝ የሚል መልእክት ውስጥ ያለውን ሰማያዊ ጽሑፍ አትንኩ። ነክታችሁ ከሆነም ወደ ባንካችሁ ፈጥናችሁ ደውሉ፤ የመንግሥት የሳይበር ጥበቃ ክፍል ስልክ ቁጥር 119 ነው።

ስለ ልጆች ደግሞ፦ ፌስቡክም ቲክቶክም ከ13 ዓመት በታች ላለ ልጅ በደንባቸው አይፈቅዱም። ልጃችሁን በኢንተርኔት የሚያስፈራራው፣ የሚሰድበው ወይም ፎቶግራፍ የሚጠይቀው ሰው ካለ መልእክቱን ሳታጠፉ 105 ደውሉ፤ ቀንም ሌሊትም ይመልሳሉ። ዕብራይስጡ ካስቸገራችሁ የምታምኑትን አዋቂ ሰው አጠገባችሁ አድርጉ፤ ጉዳቱ የደረሰበትን ልጅ ግን አስተርጓሚ አታድርጉት።