ስለ አሮጌ ባጃጅ ፍሪሲዮንና ማርሽ፤ ለሮቤና ለጎባ የመለዋወጫ ነጋዴዎች

በሮቤና በጎባ ሰውና ዕቃ የሚያመላልሰው ባለ ሦስት እግር ባጃጅ ሲያረጅ፣ ባለቤቱ ወደ መደብር መጥቶ አስቀድሞ የሚጠይቀው የፍሪሲዮን ሸራ ነው። ሻጩም የተጠየቀውን መስጠት ልማዱ ነው። ይሁን እንጂ ሸራው ተለውጦ ሳለ ተሽከርካሪው ዳገት አልወጣ ያለ እንደ ሆነ፣ ገዢው «ዕቃው እውነተኛ አይደለም» ብሎ ይመለሳል። አንድ ጊዜ የተገጠመ ዕቃ ደግሞ ተመልሶ አይሸጥም። ስለዚህ ከሽያጭ በፊት ጥቂት መጠየቅ ለሁለቱም ወገን ይበጃል።

ዋናው ጥያቄ፣ ዳገት ላይ ሞተሩ ይጮኻል ወይስ ይታፈናል? የሚል ነው። ሞተሩ እየጮኸ ተሽከርካሪው ካልፈጠነ፣ ኃይሉ ወደ ጎማው ሳይደርስ እየተንሸራተተ ነውና ጥፋቱ የፍሪሲዮን ነው። ሞተሩ ራሱ ታፍኖ የሚደክም ከሆነ ግን ፍሪሲዮኑን መውቀስ አይገባም። ይህን መለየት በባሌ ደጋ ይበልጥ ያስፈልጋል። ሮቤ 2,500 ሜትር ያህል፣ ጎባም ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሚገኙ፣ አየሩ ከባሕር ጠረፍ አየር በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ካርቡራተሩ ለቆላ እንደ ተስተካከለ ከቀረ ቤንዚኑ ከአየሩ ይበዛል፤ ሞተሩ ይታፈናል፤ ካንዴላውም ጥላሸት ይለብሳል። ለዚህ መፍትሔው የአየር ማጣሪያውን ማጽዳትና ካርቡራተሩን ማስተካከል እንጂ ሸራ መግዛት አይደለም። (ሞተሩ የደከመበት ነጂ ፍሪሲዮኑን በከፊል እየያዘ ዳገቱን ስለሚወጣ፣ ውሎ አድሮ ሸራውንም ማቃጠሉ አይቀርም።)

ጥፋቱ የፍሪሲዮን መሆኑ ቢታወቅም መጀመሪያ የሚመረመረው ሽቦው ነው። ሽቦው እጅግ ከተወጠረ ሸራዎቹ በሚገባ ስለማይጣበቁ ይንሸራተታሉ። እጅግ ከላላ ደግሞ አጥርተው ስለማይላቀቁ ማርሽ ሲገባ ይንኮሻኮሻል። በአሮጌው ባጃጅ ማርሹም የሚለወጠው የግራውን እጀታ በመጠምዘዝ፣ በሽቦ ስለሆነ፣ ሽቦው ሲላላ ማርሹ በሚገባ ሳይያዝ ቀርቶ ይወጣል። ተስተካክሎም የሚወጣ ከሆነ የውስጡ ጥርስ ሳያልቅ አልቀረምና ካምቢዮው ሊከፈት ይገባዋል።

አስመጪዎችን በተለይ የምናሳስበው ስለ ዘይት ነው። በባለ አራት ምት ባጃጅ ሞተሩ፣ ማርሹና ፍሪሲዮኑ የሚሠሩት በአንድ ዘይት ነው። ለአውቶሞቢል በተሠሩ አንዳንድ ቀጫጭን ዘይቶች ውስጥ፣ ነዳጅ እንዲቆጠብ ሰበቃን የሚቀንስ ቅመም ይጨመራል፤ ይኸው ቅመም በዘይት ውስጥ የተነከረውን ፍሪሲዮን ያንሸራትታል። በዕቃው ላይ «ጃሶ ኤም.ኤ.» የሚል የጃፓን ደረጃ ምልክት ያለው ዘይት ለእንዲህ ያለው ፍሪሲዮን የተዘጋጀ ነው፤ «ኤም.ቢ.» የሚለው ግን ሰበቃው ያነሰ ስለሆነ አይመረጥም።

ሸራው በእርግጥ አልቆ ከተገኘ፣ ይኸውም ዘይቱ የመቃጠል ሽታ ካለውና በመካከል ያሉት የብረት ዝርግ ቀለበቶች ወደ ሰማያዊ ከተለወጡ፣ ሞላዎቹም አብረው ይለወጡ። አዲሱ ሸራ ከመገጠሙ በፊት በንጹሕ ዘይት ሊነከር ያስፈልጋል።