«ነጻ» ፎቶግራፍ ምን ያህል ነጻ ነው?
ስለ ክምችት ፎቶግራፎችና ፊልሞች የአጠቃቀም ፈቃድ ስያሜዎች

የአንድ ቃል አተረጓጎም በተራ ጽሑፍ ውስጥ ቢዛነፍ ጉዳቱ ከአንባቢው ግራ መጋባት አያልፍም፤ በፈቃድ ሰነድ ውስጥ ቢዛነፍ ግን አንባቢውን እስከ ፍርድ ቤት ሊያደርሰው ይችላል። ዛሬ መጽሔት የሚያዘጋጅ፣ የትምህርት መርጃ የሚያሳትም ወይም አጭር ፊልም የሚያቀናብር ሰው ሁሉ የሚፈልገውን ፎቶግራፍና ተንቀሳቃሽ ምስል በኢንተርኔት ከሚገኙ ክምችቶች ያወርዳል። በእነዚህ ክምችቶች ላይ የሠፈሩት የፈቃድ ቃላት አብዛኛዎቹ ከእንግሊዝኛ የመጡ ናቸው። ወደ አማርኛ ሲመለሱም ብዙዎቹ «ነጻ» በሚለው አንድ ቃል ሥር ሲጠቃለሉ እናያለን። በዚህ ጽሑፍ ዋና ዋናዎቹን ጽንሰ ሐሳቦች ለይተን ለእያንዳንዳቸው ተስማሚ ነው ያልነውን የአማርኛ ስያሜ ለማቅረብ እንሞክራለን።

1. «ነጻ» የሚለው ቃል

«ነጻ» በግዕዝ ንጽሕናን ከሚያመለክተው «ነጽሐ» ጋር የሚዛመድ ቃል ነው። በዛሬው አማርኛ ግን ቢያንስ ሦስት አገባብ አለው። ብቻውን ሲቆም በሌላ ሥልጣን ሥር አለመሆንን ይገልጻል፤ «ነጻ አገር»፣ «ነጻ ሰው» እንደምንለው ነው። «ከ» ሲቀድመው ከአንድ ግዴታ ወይም ክስ መውጣትን ያሳያል፤ «ከቀረጥ ነጻ»፣ «ከወንጀሉ ነጻ ሆነ» ይባላል። «በ» ሲገባበት ደግሞ ያለ ዋጋ ማግኘትን ያመለክታል፤ «በነጻ ታከመ» የሚለው ምሳሌ ይሆናል። እንግዲህ ልዩነቱን የሚሸከመው ከቃሉ ይልቅ መስተዋድዱ ነው።

«ነጻ ፎቶግራፍ» ብለን መስተዋድዱን ስንተው ሦስቱ ትርጉሞች ይቀላቀላሉ። አንባቢው ዋጋ የለውም፣ ባለመብት የለውም፣ እንደ ፈለግሁ ልሠራበት እችላለሁ የሚሉትን ሦስት ሐሳቦች በአንድ ጊዜ ይረዳል። በእውነቱ ግን በነጻ የሚገኝ ፎቶግራፍ ባለመብት ሊኖረው ይችላል፤ በገንዘብ የሚሸጥ ፎቶግራፍም ባለመብት ላይኖረው ይችላል። ስለዚህ ተርጓሚው ሐሳቡን ለይቶ «በነጻ የሚገኝ» ወይም «በነጻነት የሚሠራበት» ብሎ እንዲጽፍ፣ «ነጻ ፎቶግራፍ» የሚለውን ግን በሰነድ ውስጥ እንዲተው እንመክራለን።

2. «ፈቃድ» እና «ስምምነት»

«ፈቀደ» በግዕዝ ወደደ፣ ፈለገ ማለት ሲሆን በአማርኛ «እሺ አለ፣ አሰናበተ» ወደሚለው ዘወር ብሏል። ከእርሱ የወጣው «ፈቃድ» የባለሥልጣንን ሰነድ («የንግድ ፈቃድ»፣ «መንጃ ፈቃድ»)፣ ከሥራ መለየትን («የዓመት ፈቃድ») እና ውዴታን («በገዛ ፈቃዱ») ያመለክታል። የንግድ ፈቃድ ከመንግሥት የሚሰጥ፣ በየጊዜው የሚታደስና የሚሰረዝ ነው። በቅጂ መብት ሕግ የምንናገርለት ፈቃድ ግን ባለመብቱ ለተጠቃሚው የሚሰጠው ነው። ባለመብቱ መብቱን አይለቅም፤ ሌላው ሰው በተወሰነ ሁኔታ እንዲሠራበት ብቻ ይፈቅዳል። ሁለቱ እንዳይምታቱ «የአጠቃቀም ፈቃድ» የሚለውን ሙሉ ሐረግ እንመርጣለን። «ስምምነት» የሚለውን ቃል ደግሞ ወደ ፊት ለምንገልጸው ለሌላ ጽንሰ ሐሳብ እናቆየዋለን።

የሥራው ፈጣሪም መጠሪያ ያስፈልገዋል። «ባለቤት» የሚለው ቃል የትዳር ጓደኛን፣ የንብረት ጌታንና በሰዋስው የዐረፍተ ነገርን ባለቤት ስለሚያመለክት ለዚህ አይመችም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 «የሥራ አመንጪ» የሚለውን ስያሜ ይጠቀማል። አመንጪው መብቱን ለሌላ ሊያስተላልፍ ስለሚችል ሁልጊዜ ባለመብት ላይሆን ይችላል። ስለዚህ «አመንጪ» ለፈጠረው፣ «ባለመብት» መብቱን ለያዘው ቢሆኑ ልዩነቱ ግልጽ ይሆናል።

3. «ከቅጂ መብት የወጣ ሥራ»

በእንግሊዝኛ «ፐብሊክ ዶሜይን» የሚባለውን «የሕዝብ ሀብት» ወይም «የሕዝብ ንብረት» ብለው የሚተረጉሙ አሉ። እኛ ይህን አንደግፈውም። «የሕዝብ» የሚለው ቃል በአማርኛ ባለቤትን ይሰጣል፤ በ1967 ዓ.ም. ከተደረገው ውርስ ወዲህ ደግሞ የመንግሥት ይዞታን ወደ ማመልከት አዘንብሏል። ጽንሰ ሐሳቡ ግን የሚናገረው ስለ ባለመብት አለመኖር ነው። «የወል» የሚለውም ችግር አለበት፤ የወል ግጦሽ በመንደሩ ሰዎች ሥርዓት የሚጠበቅ እንጂ ማንም የሚነዳበት አይደለም። ስለዚህ «ከቅጂ መብት የወጣ ሥራ» የሚለውን እናቀርባለን። «የወል» ግን «ኮመንስ» ለሚባለው፣ ማለትም ሥርዓት እየተጠበቀ በጋራ ለሚሠራበት፣ ተስማሚ ነው።

አንድ ሥራ ከቅጂ መብት የሚወጣው በተለይ በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው የጥበቃ ዘመኑ ሲያልቅ ነው። በአገራችን አዋጅ የአመንጪው ኢኮኖሚያዊ መብት በጠቅላላው በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ሲጠበቅ፣ የፎቶግራፍ ሥራ ግን ከተሠራበት ጊዜ አንሥቶ ለ25 ዓመት ይጠበቃል። በሌሎች አገሮች ዘመኑ ስለሚለያይ እዚህ ከቅጂ መብት የወጣ ፎቶግራፍ በሌላ አገር ገና የተጠበቀ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው መንገድ ባለመብቱ ራሱ መብቱን ሲተው ነው። ክሪኤቲቭ ኮመንስ የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2009 ያወጣው «ሲሲ ዜሮ» የተባለው ሰነድ ለዚህ የተዘጋጀ ነው። መብትን ፈጽሞ መተው በማይቻልባቸው አገሮችም ሰነዱ እንደ ሰፊ የአጠቃቀም ፈቃድ እንዲያገለግል ተደርጎ ተጽፏል። ይህን ድርጊት «መብትን መተው» እንለዋለን፤ ከ«መፍቀድ» ጋር መምታታት የለበትም።

የልዩነቱን ክብደት አንድ የታወቀ ክስ ያስረዳል። ካሮል ሃይስሚዝ የተባሉት አሜሪካዊት ፎቶግራፍ አንሺ በሺህ የሚቆጠሩ ሥራዎቻቸውን ሕዝብ እንዲጠቀምባቸው ለአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ሰጥተው ነበር። ከጊዜ በኋላ የራሳቸው ፎቶግራፍ በራሳቸው ድረ ገጽ ላይ በመታየቱ 120 ዶላር እንዲከፍሉ የሚጠይቅ ደብዳቤ ደረሳቸው። እ.ኤ.አ. በ2016 ፎቶግራፎቹን ይሸጡ በነበሩ ድርጅቶች ላይ ክስ ቢመሠርቱም ፍርድ ቤቱ የቅጂ መብት ጥያቄያቸውን አልተቀበለም። መብቱን የተወ ሰው ሌላው ሥራውን እንዳይሸጥ የሚከለክልበት መሠረት አይኖረውም። የሚሸጠውም ቢሆን በመሸጡ ባለመብት አይሆንም። ተርጓሚው «የሕዝብ ንብረት» ብሎ ከተረጎመው ይህን ውጤት ለአንባቢ ማስረዳት አይችልም።

4. የክሪኤቲቭ ኮመንስ አራት ቃላት

ክሪኤቲቭ ኮመንስ እ.ኤ.አ. በ2001 ተቋቁሞ የመጀመሪያዎቹን ፈቃዶች በ2002 አወጣ። አሁን የሚሠራበት አራተኛው እትም በ2013 የወጣ ነው። ስድስቱ ፈቃዶች ከአራት ቃላት ቅንጅት የተሠሩ ስለ ሆኑ አራቱን በትክክል የተረጎመ ስድስቱንም ተረጎመ ማለት ነው።

የመጀመሪያው በስድስቱም ውስጥ የሚገኘው ነው። ብዙዎች «ምንጭ መጥቀስ» ይሉታል። ምንጭ ግን የተገኘበት ቦታ ነው፤ ፎቶግራፉን ያወረድንበትን ድረ ገጽ ስም ብቻ ብንጽፍ ግዴታው አልተፈጸመም። የሚፈለገው በቅድሚያ አመንጪውን በስሙ መጥራት ነው፤ ከዚያም ፈቃዱን መግለጽ፣ መገኛውን ማሳየትና ለውጥ ከተደረገ ይህንኑ ማስታወቅ ነው። ስለዚህ «አመንጪን መጥቀስ» እንላለን።

ሁለተኛው «ለትርፍ ያልሆነ» እየተባለ ሲተረጎም «ለትርፍ ያልተቋቋመ» ከሚለው የድርጅት መጠሪያ ጋር ይምታታል። ፈቃዱ የሚመለከተው የሥራውን አጠቃቀም እንጂ የተጠቃሚውን ማንነት አይደለም። የበጎ አድራጎት ድርጅት የሚሸጠው የቀን መቁጠሪያ ሊከለከል፣ ነጋዴ ለልጁ የትምህርት ቤት ሥራ የሚያትመው ግን ሊፈቀድ ይችላል። «ለንግድ ጥቅም የማይውል» የሚለው ይህን ይገልጻል።

ሦስተኛው «ለውጥ የማይፈቅድ» ተብሎ ሊተረጎም ይችላል፤ ነገር ግን በአራተኛው እትም የተከለከለው የተለወጠውን ሥራ ለሌሎች ማጋራት እንጂ በግል መለወጥ አይደለም። ስለዚህ «የተለወጠውን ማጋራት የማይፈቅድ» የሚለው ረዘም ቢልም የበለጠ ትክክል ነው። አራተኛው «በተመሳሳይ ፈቃድ ማጋራት» ነው፤ ሥራውን ለውጦ የሚያጋራ ሰው አዲሱንም ሥራ በዚያው ዓይነት ፈቃድ እንዲለቅ ያስገድዳል። እ.ኤ.አ. በ2004 የተጀመረው ዊኪሚዲያ ኮመንስ የተባለው ክምችት ለንግድ ጥቅም በማይውልና የተለወጠውን ማጋራት በማይፈቅድ ፈቃድ ብቻ የቀረቡ ሥራዎችን አይቀበልም። ስለዚህ የስያሜው መሳሳት ሥራው በክምችቱ ውስጥ እንዳይገባ ምክንያት ሊሆን ይችላል።

በፊልም ረገድ አንድ ነገር እንጨምር። በእነዚህ ፈቃዶች ሙዚቃን ከተንቀሳቃሽ ምስል ጋር በጊዜ አቀናጅቶ ማስገባት ሁልጊዜ እንደ ለውጥ ይቆጠራል። እንግዲህ የተለወጠውን ማጋራት በማይፈቅድ ፈቃድ የተለቀቀ ሙዚቃ በማናቸውም ፊልም ሥር ገብቶ ሊሠራጭ አይችልም። ፊልሙና በውስጡ ያለው ሙዚቃም ሁለት የተለያዩ ባለመብቶች ሊኖሯቸው ስለሚችሉ የአንዱ ፈቃድ ለሌላው አይበቃም።

5. በብዛት የሚሳሳቱ ሁለት ሐረጎች

«ሮያሊቲ ፍሪ» የሚለው «ከክፍያ ነጻ» ተብሎ ሲተረጎም ደጋግመን አይተናል። ሮያሊቲ በማዕድን ሕጋችንም የታወቀ ቃል ሲሆን በጥቅሙ ልክ እየተሰላ የሚከፈለውን ያመለክታል። ሐረጉ የሚያስቀረው ይህን በየጊዜው የሚታሰብ ክፍያ ነው። ተጠቃሚው መጀመሪያ ዋጋ ከፍሎ በፈቃዱ ወሰን ውስጥ ደጋግሞ እንዲጠቀም ይፈቀድለታል፤ የመጀመሪያው ዋጋ ብዙ ገንዘብ ሊሆንም ይችላል። ስለዚህ «ተደጋጋሚ ክፍያ የሌለው» ብለን እንተረጉመዋለን።

«ለኤዲቶሪያል አገልግሎት ብቻ» የሚለው ደግሞ «ለርዕሰ አንቀጽ ብቻ» ተብሎ ሊተረጎም አይገባም። በጋዜጣ ቋንቋ «ኤዲቶሪያል» ርዕሰ አንቀጽ መሆኑ እውነት ነው። በክምችት ፎቶግራፎች ላይ ሲጻፍ ግን ምስሉ ለዜና፣ ለሐተታና ለመሳሰሉት መግለጫ ይውላል፣ ለማስታወቂያ ግን አይውልም ማለት ነው። «ለዘገባ ብቻ» የሚለው አጭርና ግልጽ ነው።

6. የፎቶ ተነሺ ስምምነት

እስካሁን የተናገርነው በአመንጪውና በተጠቃሚው መካከል ስላለው ፈቃድ ነው። በፎቶግራፉ ውስጥ የሚታየው ሰው ግን ሦስተኛ ወገን ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 አንድ የሞባይል ስልክ ኩባንያ በአውስትራሊያ ባወጣው ማስታወቂያ ላይ ከፍሊከር የተወሰደ የአንዲት አሜሪካዊት ወጣት ፎቶግራፍ ተጠቀመ። ፎቶግራፍ አንሺው ሥራውን የለቀቀው ለንግድም በሚፈቅድ የክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ ነበር። ልጅቱ ግን ስለ ጉዳዩ አልተጠየቀችም፤ ቤተሰቧም ክስ መሠረተ። ክሱ ኩባንያው በቴክሳስ ሊዳኝ አይችልም በሚል ምክንያት ተዘጋ። ይሁን እንጂ የአንሺው ፈቃድ የተነሺውን ስምምነት እንደማይተካ ለብዙዎች ትምህርት ሆኗል።

በአገራችንም የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 27 የማንም ሰው ፎቶግራፍ ወይም ምስል ያለ ስምምነቱ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛና እንዳይሸጥ ይደነግጋል። ለታወቁ ሰዎች፣ ለፍትሕ ሥራ፣ ለሳይንስና ለትምህርት እንዲሁም ሕዝብን ለሚመለከቱ ሁኔታዎች ቀጥሎ ያለው ቁጥር ልዩ ሁኔታዎችን ያስቀምጣል። የጤና በራሪ ወረቀት ላይ የታተመ የአንድ ሰው ፊት ያንን ሰው በአካባቢው ሰው ዘንድ የበሽታው ምሳሌ ሊያደርገው እንደሚችል ማሰብ ይገባል።

ለዚህ ሰነድ «የፎቶ ተነሺ ስምምነት» የሚለውን እናቀርባለን። «አንሺ» ካለ «ተነሺ» መኖሩ የቋንቋው ባሕርይ ነው። «ተነሺ» ብቻውን በልማት ምክንያት ከቦታው የተነሣውን ሰው ስለሚያመለክት «ፎቶ» የሚለው መቅረት የለበትም። «ባለምስል» የሚለውን የተውነው የምስሉን ጌታ ያመለክታል በሚል ነው።

7. «የማይሻር»

አንሥፕላሽ የተባለው ክምችት እ.ኤ.አ. እስከ 2017፣ ፒክሳቤይ ደግሞ እስከ 2019 መጀመሪያ ሥራዎቻቸውን በሲሲ ዜሮ ያቀርቡ ነበር። ከዚያ በኋላ ሁለቱም ወደ ራሳቸው ፈቃድ ተዛውረዋል። ፈቃዶቹ ዛሬም ለብዙ ዓይነት አጠቃቀም ያለ ዋጋ ይፈቅዳሉ፤ ነገር ግን ፎቶግራፉን እንዳለ መሸጥን የመሳሰሉ ድርጊቶችን ይከለክላሉ። በቀድሞው ሰነድ የተለቀቁት ሥራዎች ግን ሰነዱ «የማይሻር» ስለ ሆነ እንደ ነበሩ ይቀራሉ። ስለዚህ ፎቶግራፉ የወረደበትን ቀንና በዚያ ቀን የነበረውን የፈቃድ ጽሑፍ መዝግቦ ማቆየት ያስፈልጋል። «የማይሻር» የሚለውን ቃል «ዘላለማዊ» ብሎ መተርጎም አይገባም፤ የመጀመሪያው ስለ መንሣት፣ ሁለተኛው ስለ ዘመን ይናገራል።

ለማጠቃለል የቀረቡት ስያሜዎች የሚከተሉት ናቸው፦ የአጠቃቀም ፈቃድ፤ አመንጪ፤ ባለመብት፤ ከቅጂ መብት የወጣ ሥራ፤ መብትን መተው፤ አመንጪን መጥቀስ፤ ለንግድ ጥቅም የማይውል፤ የተለወጠውን ማጋራት የማይፈቅድ፤ በተመሳሳይ ፈቃድ ማጋራት፤ ተደጋጋሚ ክፍያ የሌለው፤ ለዘገባ ብቻ፤ የፎቶ ተነሺ ስምምነት፤ የማይሻር።

«ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ይባላል። አጥሩን የሚነቀንቀው ሁሉ ግን ባለቤቱን የናቀ አይደለም፤ በሩ ላይ የተጻፈው ቃል በትክክል ስላልተተረጎመለት ባለቤት መኖሩን ያላወቀም አለ። ከላይ የዘረዘርናቸው ስያሜዎች በሥራ ላይ ተፈትነው የሚጸኑ ወይም የሚሻሻሉ ናቸው፤ ተርጓሚዎችና የቋንቋ ባለሙያዎች በሰነድ ሥራ ያጋጠማቸውን የተሻለ አጠራር እንዲያካፍሉን እንጠይቃለን።