ያውቁ ኖሯል? ጉልበት የሚሰጠው ጓንት
ጌሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን በፈጠሩት፣ እ.ኤ.አ. በ1974 በአሜሪካ በታተመው ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ የተሰኘ የጠረጴዛ ጨዋታ፣ የአንድ ገጸ ባሕርይ ጉልበት፣ ቅልጥፍና፣ ጥበብና ሌሎች 3 ችሎታዎች በቁጥር ይለካሉ። እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣው አምስተኛ እትም አንድ አስገራሚ አስማታዊ ጓንት አለ፤ ያጠለቀው ሁሉ ጉልበቱ 19 ይሆናል። ጉልበቱ 8 ብቻ የነበረ መንማና ጠንቋይ ከፈርጣማው ጦረኛ እኩል ይሆናል፤ ቀድሞውኑ 19 ወይም ከዚያ በላይ ለነበረው ግን ጓንቱ ቅንጣት አይጨምርለትም። ለደካማው ያደላ ሕግ ነውና እጅግ እወደዋለሁ! ታዲያ ጓንቱ የሚሠራው ባለቤቱ ቢያንስ 1 ሰዓት ዐርፎ ሲላመደው ነው። እንዲህ መላመድ የሚሹ ዕቃዎች ብዙ ናቸው፤ አንድ ገጸ ባሕርይ በአንድ ጊዜ የሚላመደው ግን ቢበዛ ከ3 ዕቃዎች ጋር ብቻ ነው።