ጉልበተኝነት ጨዋታ አይደለም

ልጆች ሲጣሉ ስናይ «ተዋቸው፣ የልጅ ነገር ነው» እንላለን። እርግጥ እኩዮች ተጣልተው ወዲያው ይታረቃሉ። ጠዋት በኳስ የተጣሉት ማታ አብረው ከብት ይመልሳሉ። ይህ ክፋት የለውም። ጉልበተኝነት ግን ሌላ ነው።

ጉልበተኝነት ምንድን ነው? ብርቱው ደካማውን፣ ወይም ብዙዎቹ አንዱን፣ ዛሬም ነገም ደጋግመው ሲበድሉ ጉልበተኝነት ይባላል። ትልቁ ልጅ መንገድ ላይ ጠብቆ የትንሹን ቆሎ ይቀማል። ደብተሩን ይቀድበታል። እግሩን የሚያመውን «አንካሳ» ይሉታል። ልጃገረዷን መንገድ እየዘጉ ያስፈራሯታል። አንዱን ደግሞ ማንም እንዳያጫውተው ይማከሩበታል። ዱላ ባያርፍበትም በደል በደል ነው።

ጉዳቱ ምንድን ነው? የተበደለ ልጅ ዓይኑ ሰሌዳው ላይ ቢሆንም ሐሳቡ ወደ ቤት በሚመለስበት መንገድ ላይ ነው። ትምህርቱ አይገባውም። ውሎ አድሮም ትምህርት ቤቱን ይተዋል። በጎልማሳነቱ ፊደል የቆጠረ ሰው የዚህን ዋጋ ያውቀዋል። በዳዩም ቢሆን ይጎዳል። ልጅዋ የሰረቀውን እንቁላል ተቀብላ ዝም ያለች እናት ነበረች ይባላል። ልጁ አድጎ በሬ ሰርቆ ሊሰቀል ሲል «ምነው በእንቁላሉ ጊዜ በቀጣሽኝ» አላት።

ከየት ይመጣል? ስድብን ይዞ የሚወለድ ልጅ የለም። በየገጠሩ የሸክላ ሠሪ፣ የቀጥቃጭና የሸማኔ ልጆች በወላጆቻቸው ሙያ ሲሰደቡ ይሰማል። ማረሻችንን የሚሠራው ቀጥቃጩ ነው። ድስታችንን የምትሠራው ሸክላ ሠሪዋ ናት። ጋቢያችንን የሚሠራው ሸማኔው ነው። ታዲያ ልጁ ስድቡን ከማን ሰማ? ቡና ስንጠጣ ከእኛው ነው። ቤት ውስጥ የሚደበደብ ልጅም ውጭ ወጥቶ ታናሹን ይመታል። ስለዚህ ዱላን በዱላ ማጥፋት አይቻልም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ እንዲሆኑ ደንግጓል።

ታዲያ ሊቆም ይችላል? አዎን። ችግሩ የእኛ አገር ብቻ አይደለም። ኖርዌይ በምትባል የአውሮፓ አገር፣ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1982፣ ሦስት ልጆች ሕይወታቸውን አጠፉ። ምክንያቱ የጓደኞቻቸው በደል ሳይሆን እንዳልቀረ ታመነ። በ1983 በመላ አገሪቱ ዘመቻ ተጀመረ። ዳን ኦልቬውስ የተባለ ምሁር በርገን በምትባል ከተማ በ42 ትምህርት ቤቶች ሥራውን ተከታተለ። መምህራን በዕረፍት ሰዓት ግቢውን ጠበቁ፤ ተማሪዎች በክፍላቸው ደንብ አወጡ፤ ወላጆች ተጠርተው ተነጋገሩ። በሁለት ዓመት ውስጥ በደሉ በግማሽ ያህል ቀነሰ።

እኛስ ምን እናድርግ?

1ኛ፦ ልጃችንን እናስተውል። ጠዋት ጠዋት «ሆዴን አመመኝ» ካለ፣ ደብተሩ ከተቀደደ፣ ወይም አጭሩን መንገድ ትቶ በዙሪያ ከሄደ፣ በቁጣ ሳይሆን በዝግታ እንጠይቀው።

2ኛ፦ «አንተም ምታው» አንበል። ለመምህሩና ለወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት እንንገር። ከበዳዩ ወላጆች ጋር ጠብ ሳንፈጥር በሽማግሌ እንነጋገር።

3ኛ፦ መንገዱ ሩቅ ከሆነ ትንንሾቹ ከታላላቆች ጋር ተሰባስበው ይሂዱ።

4ኛ፦ ልጆቻችን ከሰው ጋር መኖርን ይማሩ። ተራ መጠበቅን፣ ሲያጠፉ ይቅርታ መጠየቅን፣ ቀና ብሎ «ተው፣ አልወደድኩትም» ማለትን እናለማምዳቸው። በደልን ለትልቅ ሰው መንገር ወሬ ማመላለስ እንዳልሆነም እናስረዳቸው።

5ኛ፦ ቆሞ የሚያይ ልጅ አይሳቅ። ጉልበተኛ የሚበረታው በተመልካች ሳቅ ነው። ሦስት ልጆች ከተበደለው አጠገብ ቢቆሙና «ና፣ አብረን እንሂድ» ቢሉት በዳዩ ብቻውን ይቀራል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው ለዚህ ነው።

ለውይይት፦
ሀ. ጠብና ጉልበተኝነት በምን ይለያያሉ?
ለ. በቀበሌያችን ልጆች በምን በምን ይሰደባሉ? ስድቡንስ ከማን ሰሙት?
ሐ. ወደ ትምህርት ቤት በሚወስደው መንገድ ላይ ልጆች የሚፈሩት ቦታ የትኛው ነው? ማን ይጠብቀው?