«አምስት ዱላ» ወጣ ማለት ፍቅራችሁ አበቃ ማለት ነው?

ቲክቶክ ስትከፍቱ አንዷ ካርታ እየበወዘች «ይህ ቪዲዮ በአጋጣሚ አልመጣልሽም፤ በፍቅርሽ ውስጥ ጠብ አለ» ስትል ሰምታችሁ ይሆናል። ወረኢሉም ሁኑ መካነ ሰላም፣ ስልክ ካላችሁ ይደርሳችኋል። በተለይ የሚወዱት ሰው ዓረብ አገር ላለባቸው ነገሩ ቀላል አይደለም። ልጁ ሁለት ቀን ኢሞ ላይ ከጠፋ ካርታው የተናገረው ሁሉ እውነት ይመስላል።

እስኪ ካርታው ምን እንደሆነ እንየው።

ታሮት 78 ካርታዎች አሉት። በ15ኛው ክፍለ ዘመን ሰሜን ጣሊያን ውስጥ ሲጀመር ተራ መጫወቻ ነበር። ዕጣ ፈንታ መንገሪያ ሆኖ የገነነው በ18ኛው ክፍለ ዘመን ፈረንሳይ ነው። ዛሬ ስልካችን ላይ በብዛት የምናየውን ሥዕል የሣለችው ፓሜላ ኮልማን ስሚዝ ስትሆን፣ የታተመውም ለንደን ውስጥ በ1909 (እንደ ፈረንጆች) ነው።

ከጠብ ጋር ስሙ ቶሎ የሚነሳው «አምስት ዱላ» የሚባለው ካርታ ነው። ሥዕሉ ላይ አምስት ወጣቶች ዱላ አንስተው ይጋጠማሉ። ልብ ብላችሁ እዩት፦ የወደቀ የለም፣ የደማ የለም። ሥዕሉን ያሠራው አርተር ኤድዋርድ ዌት ራሱ ነገሩን የምር ውጊያ ሳይሆን የውጊያ ማስመሰያ አድርጎ ነው የገለጸው። እረኞች ሜዳ ላይ ዱላ ሲማዘዙ አስቡት።

ስለዚህ የፍቅር ንባብ ላይ ሲወጣ የተለመደው ትርጉሙ «ተለያዩ» አይደለም። ንትርክ፣ እልህ፣ ቅናት፣ ሁለቱም ይናገራሉ ግን የሚሰማ የለም፤ ይኸው ነው።

ካርታው ተገልብጦ ሲወጣስ? እዚህ ላይ አንባቢዎቹ ራሳቸው አይስማሙም። ዌት በ1910 ክርክርና ማታለል ብሎ ጻፈ። የዛሬዎቹ አንዳንዶቹ «ጠቡ በረደ» ይላሉ፣ ሌሎቹ ደግሞ «ኩርፊያውን ዋጥ አድርጋችሁታል» ይላሉ። አንድ ካርታ፣ ሦስት መልስ።

«ያለ ምክንያት አልመጣልሽም» የሚለው ግን እውነት አለው። ምክንያቱ አልጎሪዝሙ ነው። የፍቅር ቪዲዮ እስከ መጨረሻው ካያችሁ ሌላ ይጨምርላችኋል። ያቺ ሴት ያንኑ ካርታ ለስንት ሺህ ሰው በአንዴ እንዳወጣች አስቡ። የእናንተን ልጅ አታውቀውም።

ይህ ለእኛ አዲስ አይደለም። ባልና ሚስት ሲጣሉ «ኮከባቸው አልገጠመም» እንል የለ? በዐውደ ነገሥት የሰውዬውና የእናቱ ስም ፊደላት ወደ ቁጥር ተለውጠው ይደመራሉ፣ ለ12 ይካፈላሉ፣ ቀሪው ኮከቡን ይነግራል፦ ሐመል፣ ሠውር፣ ገውዝ እያለ እስከ ሑት። አንዱ እሳት ሌላው ውሃ ከሆነ አይሆንም ይባላል። ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም ጥንቆላን ይከለክላሉ፤ ሰው ግን ልቡ ሲጨነቅ መልስ ይፈልጋል።

ችግሩ ጥያቄው ለማን ቀረበ የሚለው ላይ ነው። ካርታው ቢበዛ «ምን ላይ ነው የምንጣላው?» ብላችሁ እንድታስቡ ያደርጋል። መልሱ ያለው ልጁ ጋ ነው። ስለዚህ ብሎክ ከማድረጋችሁ በፊት ደውሉ። «ሌላ ይዘሃል አሉ» ብላችሁ ሳይሆን «ሁለት ቀን ስትጠፋ ተጨነቅሁ» ብላችሁ ጀምሩ። ካልሆነ ሁለታችሁንም የሚያውቅ፣ ምሥጢር የሚይዝ ሰው ይግባበት። ሽማግሌ ከካርታ የሚሻለው ሁለቱንም ወገን ስለሚሰማ ነው።

አንድ ነገር ግን እንለይ። ሥዕሉ ላይ ዱላው ማንንም አልመታም። የእናንተ ቤት ዱላ የሚያርፍ ከሆነ ያ «የኮከብ አለመግጠም» አይባልም። የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ወይም አብሮ በሚኖር ሰው ላይ የሚፈጸም ጥቃትን ወንጀል ያደርገዋል። እዚያ ላይ ካርታ አይገለጥም፤ ለምታምኑት ሰው ይነገራል፣ ለፖሊስ ይመለከታል።

ቪዲዮው ደርሷት ሌሊቱን ያልተኛች ጓደኛ ካለቻችሁ ይህን ላኩላት።