ሥራዋን የለወጠች መርከብ፤ ይኸውም የ«ኢትዮጵያ» መርከብ ታሪክ

በአዊ አገር፣ በእንጅባራና በዳንግላ ዙሪያ፣ ፈረስ በጦርነት ዘመን ለጦረኛ ይጫናል፤ በሰላም ዘመን ደግሞ ሞፈር ይስባል። መርከብም እንዲሁ ለአንድ ሥራ ተሠርታ ኋላ ለሌላ ሥራ ትለወጣለች። ከዚህ በታች የተጻፈው የአገራችንን ስም ተሸክማ 29 ዓመት ስላገለገለች አንዲት መርከብ ነው። ባሕር አይተው የማያውቁ ተማሮች ታሪኳን ቢማሩ፣ አገራቸው በባሕር ላይ ምን እንደ ነበራትና ምን እንዳጣች ያስተውላሉ።

፩። ልደቷና የመጀመሪያ ሥራዋ

መርከቢቱ የተሠራችው በአሜሪካ፣ በዋሽንግተን ክፍለ ግዛት ነው፤ የመጀመሪያ ስሟም «ኦርካ» ነበር። ይህ ስም በአላስካ ከሚገኝ የባሕር ወሽመጥ የተወሰደ ነው። የተሠራችበት ስፍራ የባሕር ዳር ሳይሆን የሐይቅ ዳር ነበረ፤ ከሐይቁ ወደ ባሕር የምትወርደው ሰዎች በቈፈሩት የውሃ መንገድ ነው። በ1935 ዓ.ም. ወደ ውሃ ወረደች፤ በጥር 1936 ዓ.ም. ሥራ ጀመረች።

ርዝመቷ 95 ሜትር፣ ወርዷ 12 ሜትር ተኩል ያህል ነው። መምህሩ ይህን በትምህርት ቤቱ ሜዳ በገመድ ለክቶ በችካል ቢያሳይ ተማሮቹ ታላቅነቷን በዓይናቸው ይረዱታል። የምትሄደው በናፍጣ ሞተር ሲሆን፣ በሰዓት ከ33 ኪሎ ሜትር በላይ ለመጓዝ ትችል ነበር።

ሥራዋ በውሃ ላይ ለሚያርፉ አውሮፕላኖች እናት መሆን ነበረ። እነዚህ አውሮፕላኖች የምድር ሜዳ አያስፈልጋቸውም፤ ነገር ግን ነዳጅ የሚቀዳላቸው፣ ሞተራቸውን የሚጠግንላቸው፣ ለአብራሪዎቻቸውም ምግብና መኝታ የሚሰጥ ያሻቸዋል። መርከቢቱ በወሽመጥ ውስጥ መልሕቋን ጥላ ይህን ሁሉ ትፈጽም ነበር። ወደ ውሃው የምትገባው 4 ሜትር ያህል ብቻ ስለ ሆነ፣ ታላላቅ መርከቦች ወደማይደርሱበት ጥልቀት የሌለው ስፍራ ለመግባት ትችል ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኒው ጊኒና በፊሊፒን ባሕሮች አገለገለች፤ ጦርነቱም ካለቀ በኋላ በ1938 ዓ.ም. በቢኪኒ ደሴቶች በተደረገው የአቶም ቦምብ ሙከራ ከተመደቡት መርከቦች አንዲቱ ነበረች።

፪። ስለ ምን ሥራዋን ለወጠች?

ከጦርነቱ በኋላ ከምድር ተነሥተው ረዥም መንገድ የሚበሩ አውሮፕላኖች በዙ፤ በውሃ ላይ የሚያርፉትም እየቀሩ ሄዱ። ስለዚህ እናት መርከቦቹ ያለ ሥራ ሆኑ። አሜሪካኖች አሮጌ መርከብን ለአዲስ ሥራ መለወጥ ልማዳቸው ነበር፤ ይኸውም በዚያው ዘመን የጭነት መርከቦችን ወስደው፣ ከሩቅ የሚመጣ አውሮፕላን በሚያሳየው በራዳር መሣሪያ አደራጅተው፣ ከጠረፍ ርቀው የሚጠብቁ የባሕር ዘበኞች አድርገዋቸው ነበር። «ኦርካ» ግን በ1952 ዓ.ም. ከሥራ ተሰናብታ ቆመች።

፫። በኢትዮጵያ ሰንደቅ ዓላማ ሥር

የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል በአውሮጳ አቈጣጠር በ1955 ተቋቁሞ ነበር፤ ዋና ሰፈሩም ምጽዋ ነበረ። በ1954 ዓ.ም. መርከቢቱ ከአሜሪካ ወደ ኢትዮጵያ ተላለፈች፤ ስሟም «ኢትዮጵያ» ተባለ። ከባሕር ኃይላችን መርከቦች ሁሉ የምትበልጠው እርሷ ነበረች።

አዲሱ ሥራዋ ማስተማር ሆነ። አስቀድሞ አብራሪዎችን ለማኖር የተሠራው ሰፊ ክፍሏ ለዕጩ መኰንኖች ማደሪያ የሚመች ነበረ። በርሷ ላይ ከደገኛው አገር የመጡ ወጣቶች ሳይቀሩ መሪ መያዝን፣ በኮከብና በኮምፓስ መንገድ ማወቅን፣ ሞተር መጠበቅን ተማሩ። በያመቱ በምጽዋ በሚከበረው የባሕር ኃይል በዓል ላይ የውጭ አገር መርከቦች ሲመጡ፣ የአገሩ ምልክት ሆና ትቀበላቸው ነበር። በ1967 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥም አገልግሎቷ አልቋረጠም።

፬። ፍጻሜዋ

በየካቲት 1982 ዓ.ም. ምጽዋ በኤርትራ ተዋጊዎች እጅ ገባች። በ1983 ዓ.ም. መንግሥቱ ሲወድቅ «ኢትዮጵያ» ከሌሎች መርከቦች ጋር ባሕሩን ተሻግራ ወደ የመን ሸሸች። ባሕረኞቹም በሰው አገር ስደተኞች ሆኑ። በአውሮጳ አቈጣጠር በ1993 መርከቢቱ ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች፤ በዚያው ዓመት ኤርትራ ነጻ መንግሥት ስለ ሆነች ኢትዮጵያ የባሕር ወደብ የሌላት አገር ሆነች።

እንግዲህ አስተውሉ፤ መርከቢቱን ያጠፋት የጠላት መድፍ አይደለም። ከጃፓን አውሮፕላኖች ጥቃት ተርፋ የነበረችው መርከብ የጠፋችው የምትመለስበት ወደብ ስላጣች ነው። መርከብ ያለ ወደብ፣ ፈረስም ያለ ጋጣ፣ ብዙ አይቈይም። ትምህርት ግን ከብረቱ ጋር ተቈራርጦ አይሸጥም። ዛሬም በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የባሕረኞች ማሠልጠኛ ለዓለም የንግድ መርከቦች የሚሆኑ ባለሙያዎችን ያሠለጥናል፤ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት ባሕር ኃይልን እንደ ገና ለማቋቋም ከፈረንሳይ ጋር ተስማምቷል።

ለተማሮች የሚቀርብ ጥያቄ

፩ኛ፤ መርከቢቱ ስለ ምን «የአውሮፕላኖች እናት» ተባለች?
፪ኛ፤ ለትምህርት የተመቸችው በምን ምክንያት ነው?
፫ኛ፤ ከጦርነት የዳነችው መርከብ በሰላም ጊዜ ስለ ምን ጠፋች?