ግማሽ ጥርስ ሲያስፈልግ

በአሮጌ የስፖርት መኪና ሞተር ፊት ላይ የቺንጋው ክዳን ተነስቶ ቀይ ወይም ሰማያዊ ቀለም የተቀቡ ሁለት ጊሮች ሲያብረቀርቁ የታዩ እንደሆነ፣ ተመልካቹ ሞተሩ ጉልበት ተጨምሮለታል ብሎ ይደመድማል። ጊሩ ግን በራሱ አንድ ፈረስ ጉልበት አይጨምርም። ጥቅሙ የካምሻፍቱን አቀማመጥ በጥቂት ዲግሪ ወዲህ ወይም ወዲያ ማለት ማስቻሉ ነው። ወዴትና ስንት የሚለውን የሚወስነው ልኬት ነው፤ ሳይለካ የተገጠመ ጊር ከጌጥ አያልፍም።

ቶዮታ እ.ኤ.አ. በ1983 ኤኢ86 በተባለው ኮሮላ ላይ የገጠመውን 4ኤ-ጂኢ ሞተር እንውሰድ። 1,587 ሲሲ፣ 4 ሲሊንደርና 16 ቫልቭ አለው። አንዱ ካምሻፍት የማስገቢያ ቫልቮችን፣ ሌላው የማስወጫዎቹን ይከፍታል፤ ሁለቱንም የሚያዞራቸው አንድ ቺንጋ ነው። ክራንክሻፍቱ ሁለት ጊዜ ሲዞር ካምሻፍቱ አንድ ጊዜ ይዞራል። ስለዚህ በካም ላይ የተሳተ 1 ዲግሪ በክራንክ ላይ 2 ሆኖ ይቆጠራል። የካም ጊሩ 48 ጥርስ ቢኖረው፣ ቺንጋውን አንድ ጥርስ ማሳለፍ ካሙን 7.5 ዲግሪ፣ በክራንክ ቆጠራ ደግሞ 15 ዲግሪ ያፈናቅለዋል። ይህ ሞተሩን የሚያስለቅስ ስህተት ነው። ማረም የሚያስፈልገው ግን ብዙ ጊዜ 2 ወይም 4 ዲግሪ ብቻ ሲሆን፣ ቺንጋ ደግሞ ግማሽ ጥርስ አያውቅም።

እነዚያ ጥቂት ዲግሪዎች ከየት ይመጣሉ? አንደኛው ምንጭ በየጋራዡ የታወቀ ነው። ሞተር ሞቆ ቴስታታው ሲጣመም ቶርኖ ቤት ተወስዶ ፊቱ ይላጫል። የተላጨው ግማሽ ሚሊሜትር ከሆነ ካምሻፍቱ ወደ ክራንኩ በዚያው መጠን ይቀርባል፤ የሚጎትተው የቺንጋ ወገን ስለሚያጥር ካሙ ወደ ኋላ ይቀራል። 122 ሚሊሜትር ስፋት ባለው ጊር ሲሰላ መዘግየቱ ወደ 1 የክራንክ ዲግሪ ይጠጋል። ቴስታታው ደጋግሞ ከተላጨ ጥፋቱ ይደመራል። ሌላው ምንጭ ከፋብሪካው የተለየ ቅርጽ ያለው ካምሻፍት መግጠም ነው።

የሚስተካከለው ጊር ሁለት አካል አለው። መሃሉ በፒን ከካምሻፍቱ ጋር ይታሰራል፤ ጥርስ ያለው ቀለበት ደግሞ በሞላላ ቀዳዳዎች በሚያልፉ ቡሎኖች መሃሉ ላይ ይያዛል። ቡሎኖቹ ሲላሉ ቺንጋው ሳይነካ ካሙ ብቻ ይንቀሳቀሳል። በጊሩ ላይ የተቀረጹት መስመሮች የካም ዲግሪ ይሁኑ የክራንክ እንደ አምራቹ ይለያያል፤ ይህን ሳያጣራ የሚያስተካክል መካኒክ ያሰበውን እጥፍ ሊያዞር ይችላል።

ዋናው ሥራ ልኬቱ ነው። በክራንኩ ጫፍ ዙሪያው 360 ዲግሪ የተቀረጸበት ዲግሪ ዊል ይታሰራል፤ ከአጠገቡ ከሽቦ የተሠራ ጠቋሚ ይቆማል። የመጀመሪያው ፒስተን ጫፍ የሚደርስበት ትክክለኛ ነጥብ በዓይን አይገኝም፤ ፒስተኑ እላይ ሲደርስ ክራንኩ ጥቂት ዲግሪ ቢዞር እንኳ የሚያንቀሳቅሰው አይመስልም። ስለዚህ በካንዴላው ቀዳዳ ማቆሚያ ይገባና ፒስተኑ እስኪነካው ድረስ ክራንኩ በእጅ በአንድ ወገን፣ ቀጥሎም በሌላው ወገን ይዞራል። ንባቡ በአንዱ 32፣ በሌላው 28 ከሆነ ጠቋሚው ሁለቱም 30 እስኪሉ ይስተካከላል። አሁን ዜሮው እውነተኛ ዜሮ ሆኗል፤ ማቆሚያውም ይወጣል።

ቀጥሎ ዳያል ጌጅ በማስገቢያው ቫልቭ ባርኔጣ ላይ ይቆማል። ቫልቩ ከፍተኛውን የደረሰበት ቅጽበትም እንደ ፒስተኑ ጫፍ ያታልላል። ስለዚህ ከጫፉ 1 ሚሊሜትር በታች ያሉት ሁለት ንባቦች፣ ሲከፈትና ሲዘጋ፣ ይመዘገባሉ። 70 እና 146 ከተገኙ መሃላቸው 108 ነው። የካሙ አምራች የሚፈልገው 104 ከሆነ ካሙ 4 የክራንክ ዲግሪ ዘግይቷል ማለት ነው፤ በጊሩ በኩል 2 የካም ዲግሪ እንዲቀድም ይደረጋል። በዚህ የቫልቭ ልኬት ሞተሩ ሁልጊዜ በተፈጥሮ አቅጣጫው ብቻ ይዞራል። ንባብ አለፈኝ ብሎ ትንሽ ወደ ኋላ መመለስ የቺንጋውን መላላት ልኬቱ ውስጥ ያስገባል።

የማስገቢያው ካም ሲቀድም ቫልቩ ቶሎ ስለሚዘጋ ሞተሩ በዝቅተኛ ዙር የመጎተት ጉልበት ያገኛል፤ ሲዘገይ ጉልበቱ ወደ ከፍተኛ ዙር ይሸሻል። አንዱን ሲወስዱ ሌላውን መስጠት ግድ ነው። አልፋ ሮሜዮ እ.ኤ.አ. በ1980 በስፓይደር መኪናው ላይ ሞተሩ እየሠራ የካሙን ጊዜ የሚቀይር መሣሪያ የገጠመው ይህን ምርጫ ለማለፍ ነበር። በእጅ የሚስተካከለው ጊር ግን አንዴ የተያዘበት ላይ ይቆያል። ፋብሪካው የሠራው ካም ባልተነካ ሞተር ላይ ካለ፣ ለዚህ ሁሉ ልፋት የሚገኘው ትርፍ እጅግ ትንሽ ነው።

ማንቀሳቀስ አደጋም አለው። ካሙ በቀደመ ቁጥር የማስገቢያው ቫልቭ ወደ ፒስተኑ ይጠጋል። ጥንቁቅ ሠሪ ፒስተኑ ላይ ለስላሳ የሞዴል ጭቃ ለጥፎ ቴስታታውን ይገጥምና ሞተሩን በእጅ ያዞራል፤ ከዚያም ቴስታታውን አውርዶ የተረገጠውን ውፍረት ይለካል። በተለምዶ ለማስገቢያው 2፣ ለማስወጫው 2.5 ሚሊሜትር ክፍተት ይፈለጋል። ቡሎኖቹ አምራቹ ባዘዘው ልክ በቶርክ ሬንች ከጠበቁ በኋላም፣ ክራንኩ ሁለት ሙሉ ዙር በእጅ ዞሮ አንዳች ነገር እንደማይይዘው ሳይረጋገጥ ስታርተር አይነካም። በ4ኤ-ጂኢ ዲስትሪቢዩተሩ የሚዞረው በካምሻፍት ስለሆነ የእሳቱ ጊዜም በታይሚንግ ላይት ዳግም ይታያል፤ መነሻው ከጫፍ በፊት 10 ዲግሪ ነው።

ጊር ከመግዛት በፊት የሞተሩን ስም ማንበብ ይበጃል። በስሙ ከ4ኤ-ጂኢ ጋር የሚቀራረበው 4ኤ-ኤፍኢ ባለሁለት ካም ቢሆንም፣ ቺንጋው የሚያዞረው አንዱን ብቻ ነው፤ ሁለተኛው በቴስታታው ውስጥ በጥርስ ከመጀመሪያው ጋር ተያይዟል። ሁለቱን ካሞች ለየብቻ ማስተካከል በዚያ ሞተር ላይ አይቻልም።